ከይቅርታው በፊት የተነገረ

ዶክተር አልጣሽ ታከለ ስምንት ዓመት የጠበቀችው ስልክ የተደወለላት ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። አርብ ገበያ ከተማ እናቷ ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር።

"አልጣሽዬ! ይርዳው ነኝ።"

ያው ማር የተቀባ ድምፅ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀን እንኳ "ደህና ነሽ?" ያላላት ሰው ዛሬ "አልጣሽዬ" ይላታል። ምስሩን ወደ ጎን አደረገች።

ፕሮፌሰር ይርዳው ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል። በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ላይ አገር ውስጥ ማን አለ ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ቴሌቪዥኑም እሱን ይጋብዛል፣ መሥሪያ ቤቱም እሱን ያማክራል፣ ፈረንጁም እሱን ይጠራል። ይህን ሁሉ ስም ያተረፈለት አንድ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ደግሞ የሱ አልነበረም፤ የአልጣሽ ነበር።

ያኔ አልጣሽ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ እሱ አማካሪዋ ነበር። የያዘችው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሁለት የተለያየ አገር ኩባንያዎች ሲጣሉ ፍርድ ቤት ትተው ራሳቸው የመረጡት ገላጋይ ፊት ይቀርባሉ። ነገ ያ ገላጋይ ማሽን ቢሆን ሕጉ ምን ሊጠይቀው ይገባል? የሌላው አገር ምሁር ሁሉ ማሽኑ ስንት ጊዜ እንደሚሳሳት ይቆጥር ነበር። እሷ መልሱን ያገኘችው ከአባቷ አፍ ነው። አቶ ታከለ በታች ጋይንት ሠላሳ ዓመት ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡ፣ ደም ያደረቁ ሰው ነበሩ። አንድ ክረምት ስለ ሥራዋ ስታወራቸው ቆይተው እንዲህ አሏት፦ "ዓይን ዓይኑን እያየሁ 'አንተ አትሆነኝም፣ ተነሥልኝ' የማልለው ሽማግሌ ለእኔ ሽማግሌዬ አይደለም።"

ከዚህ አንድ ቃል ተነሥታ ሦስት መቶ ገጽ ጻፈች። ተከራካሪ "ይነሣልኝ" ሊለው የማይችለው ነገር አይፍረድ፣ ከማሽኑ ኋላም ስሙ የታወቀ፣ የሚነሣና የሚያፍር ሰው ይቀመጥ የሚል ነው። ይርዳው ረቂቁን ተቀበለና "ገና ጥሬ ነው፣ እስቲ ይቆይ" ብሎ ስድስት ወር ያዘው። በሰባተኛው ወር ጽሑፉ በውጭ አገር መጽሔት ላይ በሱ ስም ወጣ። እሷ የራሷን ስታስገባ ኮሚቴው "ከአማካሪሽ ገልብጠሻል" አላት። ይርዳው እዚያው ተቀምጦ ነበር። በሐዘኔታ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከትምህርቱ መባረሯ አይደለም ቆሽቷን ያሳረረው። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ በሌላ ርእስ እንደገና ከዜሮ ጀምራ ዶክተር ሆናለች፤ ዛሬ ታስተምራለች፣ ትጽፋለች። ያሳረራት ወሬው አርብ ገበያ መድረሱ ነው። በዚህ አገር ቤቱ ውስጥ ነውር የተነሣበት ሽማግሌ፣ ነውሩ እስኪጠራ ድረስ ለዳኝነት አይቀመጥም። አቶ ታከለን ተነሡ ያላቸው ሰው አልነበረም። "ልጄ አትሰርቅም" ይሉ ነበር ለሰው ሁሉ። ግን ለሌላው ሲፈርዱበት የኖሩትን ደንብ ለራሳቸው ሊያጥፉት አልፈለጉም፤ ራሳቸው ተነሡ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። አርብ አርብ የተጣላ ሰው በደጃቸው ሲያልፍ በሩን ገርበብ ያደርጉት ነበር። እንደተነሡ ሞቱ።

አልጣሽ በቀብሩ ቀን ብዙ አላለቀሰችም። ይርዳውን ታስብ ነበር።

አሁን ስልኩ ውስጥ ያለው ይህ ሰው ነው።

"ተቃውሞ ልታቀርቢብኝ ነው አሉኝ" አላት።

"አዎ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ተቋም ማሽን በግልግል ዳኝነት ውስጥ የሚገባበትን ደንብ የሚያረቅ ጉባኤ እያቋቋመ ነው። ለሰብሳቢነት የታጨው ይርዳው ነው። ደንቡ ደግሞ የዕጩውን ስም ይፋ አድርጎ "ተቃውሞ ያለው እስከ አርብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ያቅርብ" ይላል። አልጣሽ አንድ መስመር ጽፋ ልካለች፦ "ተቃውሞ አለኝ፤ የታወቀበት ሥራ የእኔ ነው።" ተቋሙ መልሶ ማስረጃ ጠየቃት፤ ለይርዳውም እንደ ደንቡ አሳወቀው።

"ማስረጃ የለሽም እኮ፣ አልጣሽዬ።"

"የለኝም።"

እውነቷን ነው። ረቂቋ የተላከው በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ነበር፤ ስትባረር ኢሜይሉም አብሮ ተዘጋ። ኮሚቴው ደግሞ አንዴ ፈርዶባታል። ይርዳው ራሱ አፉን ከፍቶ ካልተናገረ በቀር ማን ይሰማታል?

"ታዲያ ለምን በባዕድ ፊት እንካሰሳለን? እኔም እኮ የእስቴ ልጅ ነኝ። እንደ አገራችን ደንብ አርብ ሽማግሌ ይዤ ልምጣና እንታረቅ።"

"ድንጋይ ተሸክመህ?"

"አንተ" ስትለው የመጀመሪያዋ ነው፤ ዱሮ ከ"እርስዎ" ወርዳ አታውቅም። ይርዳው ሳቅ አለ። "ተሸክሜ! ምን ችግር አለ? ስለ ድንጋዩ የጻፍኩትን መቼም አንብበሻል።"

"ደህና አድርጌ" አለችና ስልኩን ዘጋችው። "የጻፍኩትን" ይላል! ፊቷ ላይ!

ይርዳው ድንጋዩን ያልፈራው ለምን እንደሆነ ግን ታውቃለች። በረቂቋ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ስለዚሁ ነበር። በዳይ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ተበዳይ ደጅ ይመጣል፤ በደሉን በራሱ አፍ ይናገራል፤ ተበዳይ "ይቅር ብያለሁ፣ ጣለው" ይላል። ከዚያ ወዲያ እዚያ የተነገረው ነገር ይታሰራል። በፍርድ ቤትም፣ በለቅሶም፣ በጠላ ቤትም ማንም አያነሣውም። የፈረንጁ ግልግልም ምስጢር ይጠበቅበታልና አልጣሽ ሁለቱን አነጻጽራ ጽፋ ነበር። ግን አንድ ስሕተት ሠራች። "ድንጋዩ ማጅራት ላይ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ የተነገረው ሁሉ የታሰረ ነው" አለች። ረቂቁን ለይርዳው ከላከች በኋላ ያንኑ ምዕራፍ አትማ ለአባቷ አመጣችላቸው። አቶ ታከለ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና መስመሩን በእርሳስ ሰረዙት። "አይደለም ልጄ" አሏት። "ድንጋይ ምን ያስራል? የሚያስረው ይቅርታው ነው። ይቅር እስኪባል ድረስ የተነገረው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው፤ የሰማ ሁሉ ይናገረዋል።"

እሷ ሳታርመው እሱ ሰረቀው። ስሕተቱን እንዳለ፣ ከነነፍሱ! ይህን መስመር ዛሬ ዓለም ሁሉ ይጠቅሰዋል። ሰባት ዓመቱ ላይ ከእስቴ ወጥቶ አዲስ አበባ ያደገው የእስቴ ልጅም ስሙ ስለተጻፈበት ብቻ አመነው። ማንንም ሽማግሌ ጠይቆ አያውቅም።

እናቷ እማሆይ ወለተ ማርያም ከጓዳ ብቅ አሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ ደፍተዋል።

"ማን ነው?"

"ይርዳው ነው፣ እማዬ። አርብ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል።"

እማሆይ አማተቡ። "ድንጋይ ይዞ የመጣ ሰው ከደጅ አይመለስም፣ ልጄ። ይቅር ልትዪው ነው የጠራሽው?"

"ደንቡን ላስጨርሰው ነው የጠራሁት።"

እማሆይ ልጃቸውን አዩና ወደ ጓዳ ተመለሱ።

አርብ ዕለት ገበያው ሞልቶ ነበር። ሕዝቡ ሽጦ ገዝቶ አህያውን እየነዳ ወደ ቤቱ መመለስ ሲጀምር፣ ከንፋስ መውጫ በኮንትራት የመጣ ነጭ መኪና የአልጣሽ እናት ደጅ ላይ ቆመ። ይርዳው በሰው ያስለመናቸው የአርብ ገበያ ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። ዋናው መሪጌታ እንድርያስ ከአቶ ታከለ ጎን ሠላሳ ዓመት የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ ደጁ ላይ ካለው ወይራ ሥር ጋቢያቸውን ደርበው ይጠብቃሉ።

ይርዳው ከመኪናው ወረደ። ጫማውን አወለቀ። ነጠላውን ወገቡ ላይ አሰረ። ይህን ሁሉ በትክክል አደረገ፤ ጽሑፉ ላይ አለ። ከዚያ የመኪናውን ኋላ ከፈተና በፎጣ የተጠቀለለ ድንጋይ አወጣ። ከወንዝ የተለቀመች፣ ልሙጥ፣ ከዳቦ የማትበልጥ ድንጋይ ናት።

መሪጌታ ድንጋዩን አዩ፣ ፎጣውን አዩ። "ይህች ደግሞ የማን ናት?"

"የእኔ ናት፣ አባቴ። አዘጋጅቼ ነው።"

"ስንቅ መሰለችኝ" አሉ መሪጌታ። መንገደኛው ሳቀ። መሪጌታ ግን አልሳቁም፤ በዱላቸው ወደ አጥሩ ካብ አመለከቱ። "ከዚያ አንሣ። ያቺን ትልቋን።"

ሊከራከር ፈለገ፤ ሰው ሁሉ ያየዋል። ዝቅ ብሎ ትልቋን ድንጋይ በሁለት እጁ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ። ወገቡ እጥፍ አለ። አልጣሽ ከእናቷ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ የጣማት ነገር የለም ብል አላጋነንኩም።

"በል" አሉ መሪጌታ።

"በድያለሁ። ይቅር በይኝ።"

"ምን በደልክ?"

"መቼም... በሥራ ላይ አለመግባባት ነበር። እኔም እንደ ሰው..."

አልጣሽ አላስጨረሰችውም። "መሪጌታ፣ ይህ በደል አይደለም። የትኛው ሰው ምኑን፣ መቼ እንደወሰደ ያልተነገረበት ነገር የት ነው ይቅር የሚባለው?"

"እውነቷን ነው" አሉ መሪጌታ። "አለመግባባት ተሸክሞ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ዝርዝሩን ተናገር።"

ይርዳው ቀና ለማለት ሞከረ፤ ድንጋዩ ከለከለው። በአጥሩ ዙሪያ የቆመው ሰው እየበዛ ነው። አንዳንዱ አህያውን አቁሟል፣ ሁለት ሦስት ወጣቶችም ስልካቸውን አውጥተዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሷ ብቻ፣ "ይህ የታሰረ ነው፣ አይደል?" አላት።

አልጣሽ ለዚህች ጥያቄ ሁለት ቀን ተዘጋጅታለች። መዋሸት አልፈለገችም። እውነቱን ልትነግረውም አልፈለገችም።

"አንተ አይደለህ የጻፍከው?" አለችው።

ይህን ሰምቶ ተረጋጋ። ምስኪን ልለው አልችልም፤ ምስኪን አይደለም። በራሱ ጽሑፍ ተማምኖ ጮክ ብሎ ተናገረ።

"እሺ። ተማሪዬ ነበረች። የጻፈችውን ወሰድኩ። በስሜ አሳተምኩት። የራሷን ስታመጣ ሰረቅሽ ተባለች፤ እኔ እዚያው ነበርኩ፣ የሷ መሆኑን እያወቅሁ ዝም አልኩ። አንድም ሐሳብ የእኔ አልነበረም። በድያታለሁ።"

አንዲት ጨው ይዛ የምታልፍ ሴት "ኧረ የማርያም ያለህ!" አለች። እማሆይ ወለተ ማርያም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "እንግዲያ ታከለን ያስነሣነው በከንቱ ነበራ!" ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

"እኛ አላስነሣነውም፤ ራሱ ነው የተነሣው" አሉ መሪጌታ። ድምፃቸው ግን ሰለል ብሏል።

አልጣሽ ከበርጩማዋ ተነሣች። "መሪጌታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እስካሁን የተነገረው ነገር ታስሯል?"

"ይቅር ሳይባል ምን ይታሰራል?" አሉ መሪጌታ፣ እንደ ሞኝ ጥያቄ። "ገና ሜዳ ላይ ነው እንጂ።"

ይርዳው ክው አለ። ድንጋዩ ሥር ሆኖ ፊቱ አመድ ሲለብስ ሁሉም አየው። "አይደለም! ድንጋዩ ከወጣ ጀምሮ..." አለ፤ ከዚያ ከየት እንዳነበበው ትዝ ሲለው አፉ ተያዘ። ሠላሳ ዓመት ለዳኘ ሽማግሌ ደንቡን ከተሰረቀ ወረቀት ሊያስተምረው?

"የሰሙትን ሲጠየቁ ይመሰክራሉ፣ መሪጌታ?"

"የሰማሁትን አልክድም። ግን ልጄ፣ ሰውዬው ተናግሯል፣ ድንጋዩም ከብዶታል። በይ የድርሻሽን። ይህንን ከከለከልሽ ነውሩ ወዳንቺ ይዞራል።"

"አልከለክልም" አለች አልጣሽ። "በእኔ በኩል የተወሰደብኝ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ሌላ ጽፌያለሁ። ከወንበሩ ያስነሣው፣ በሩን ያዘጋው ግን አባቴን ነው። ተበዳዩ እሱ ነው። ይቅርታው የሱ ነው። እሱ ዘንድ ይሂድ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትንሽ ተንሾካሾኩ። መሪጌታ ጢማቸውን እየነካኩ ብዙ አሰቡና በመጨረሻ፣ "ደንብ አልጣሰችም" አሉ። እያዘኑ ነው ያሉት።

ደብሩ ከከተማው ጀርባ ኮረብታ ላይ ነው። ይርዳው ድንጋዩን ተሸክሞ፣ በባዶ እግሩ፣ ከነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት ፊት ዳገቱን ወጣ። ሁለት ጊዜ ተንበረከከ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተነሣ። አውርዶ ቢሄድ ምን ይሆናል? ስልኮቹ አሉ፤ የተናገረው ሜዳ ላይ ነው፤ ይቅርታ ካልተባለ አይታሰርም። እንግዲህ ተስፋው ያ መቃብር ብቻ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ተስፋ ይስጠው!

መቃብሩ ጋ ደረሱ። የአቶ ታከለ ስም የተጻፈበት ሲሚንቶ ዳር ዳሩ ሣር በቅሎበታል። ሽማግሌዎቹ በድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀመጡ። አልጣሽ ከነሱ ትንሽ ራቅ ብላ ስልኳን አወጣች፤ ከከተማው ይልቅ እዚህ ኔትወርኩ ይሻላል። የመሪጌታን ስምና የሁለቱን ሽማግሌዎች ስም ጻፈች። የተነገረውን ቃል በቃል ጻፈች። ወጣቶቹ ቀርጸው የላኩላትንም አያያዘች። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

"በል ተናገር" አሉ መሪጌታ።

ይርዳው ወደ መቃብሩ ዞረ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። "አባቴ፣ በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

ነፋስ አለ፤ ከታች የአህያ ድምፅ ይሰማል። ማንም አልተናገረም። ማን ይናገራል? ማጅራቱ እየተንቀጠቀጠ ቆመ፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አምስት። በመጨረሻ ወደ አሮጊቷ ዞረ። "እማሆይ፣ እርስዎ ሚስታቸው ነዎት። እርስዎ ይበሉልኝ።"

አልጣሽ የምትፈራው ይህቺን ነበር። እናቷ ልበ ለስላሳ ናቸው፤ የለመናቸውን ሰው እምቢ ማለት አይችሉም።

እማሆይ ወለተ ማርያም ወደሱ ቀረብ አሉ። "እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ" አሉት። "የእኔን። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩን ገርበብ ሲያደርግ እያየሁ ያለቀስኩትን ትቼልሃለሁ። የሱን ግን እንዴት አድርጌ ልስጥህ? አልሰጠኝም እኮ።"

ያኔ ድንጋዩ ከማጅራቱ ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ዱብ አለ፤ እሱም አጠገቡ ተዘረረ። "ጣለው" ሳይባል የጣለ ሰው እርቁን ራሱ አፈረሰ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፤ ጋቢያቸውን አራገፉ፤ ሳይሰናበቱት ቁልቁለቱን ጀመሩ። ሕዝቡም ተከተለ። ይርዳው አቧራ ላይ ተቀምጦ ማጅራቱን ያሻል።

አልጣሽ መልእክቱን ለተቋሙ ላከችው። ደስ አላት። እውነቱን እንናገር፣ እጅግ ደስ አላት፤ ስምንት ዓመት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር በአንዴ ተነሣላት፣ ለመሳቅም ቃጥቷት ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ መሪጌታ እንድርያስ ቆመው ጠበቋት። ዱላቸውን ተደግፈው ጥቂት አብረዋት ሄዱ።

"አልጣሽ" አሉ፣ "ነገሩን እንደ ደንቡ ነው የያዝሽው፤ አልወቅስሽም። ግን አባትሽን አውቀዋለሁ። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት ቢኖር ገና ዳገቱን ሳይጀምር 'ጣለው፣ ልጄ' ይለው ነበር።"

"ይለው ነበር፣ መሪጌታ" አለች አልጣሽ። እግሯን አላቆመችም። "እንዲያ የሚል አባት ነበረኝ።"